መልሱን እያያችሁ የሠራችሁት ጥያቄ አልተሠራም

(ሁለተኛ ዓመት ገብተው የመጀመሪያ ሴሚስተር ፋይናል ለሚጠብቃቸው የኤሌክትሪካልና ኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፣ ከቅጂ ላይ እንዳለ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? እሺ፣ ማይኩ ካስቸገረ እጮሃለሁ፣ ችግር የለም። በሩ ጋ የቆማችሁ ደግሞ ግቡ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፣ ፊት መቀመጥ አያስከፍልም።

የጋበዛችሁኝን ልጆች በጣም አመሰግናለሁ። ስትደውሉልኝ "ለፋይናል ትንሽ ሞቲቬሽን ትሰጠናለህ" ነበር ያላችሁኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሞቲቬሽን የለኝም። ሞቲቬሽን እኮ የሚያገለግለው እስከ እራት ድረስ ነው፣ ካፌ ደርሳችሁ ስትመለሱ የለም። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ወረቀትና እርሳስ ነው፣ ቅር እንዳይላችሁ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛው ቀሪዋን ጊዜ የት የት እንደምታውሏት፣ ሁለተኛው ጥያቄ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሦስተኛው ፈተና ክፍል ውስጥ ስላለችው ሰዓት። ሁለተኛው ላይ ነው የምቆየው፣ ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ነው የማልፋቸው።

በመጀመሪያ ግን እስቲ እጅ አውጡልኝ። የድሮ ፈተና ቴሌግራም ላይ ሰብስቦ ያስቀመጠ? ኦሆ፣ ሁላችሁም ናችሁ ማለት ነው። እሺ አታውርዱ። ከነዛ ውስጥ አንዱን ፈተና፣ አንዱን ብቻ፣ መልሱን ሳያይ፣ ሰዓት ይዞ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው የሠራ እጁን እንዳወጣ ይቆይ። ... አያችሁ? አያችሁ እጁ እንዴት እንደወረደ?

የኔ ነገር በሙሉ እዚህ ጋ ነው ያለው። መልሱን እያያችሁ የሠራችሁት ጥያቄ አልተሠራም። ልድገመው፣ መልሱን እያያችሁ የሠራችሁት ጥያቄ አልተሠራም! ሶሉሽኑን ከፍታችሁ መስመር በመስመር ስትከተሉ "አዎ ገባኝ፣ ይሄማ ቀላል ነው" ትላላችሁ፣ ግን የገባችሁ የሌላ ሰው ሥራ ነው። በየቀኑ ታክሲ ውስጥ ተኝቶ ከመገናኛ ፒያሳ የሚመላለስ ሰው አንድ ቀን መሪ ስጡት እስቲ፣ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ ያውቃል? ፈተና ላይ መሪው እናንተ እጅ ነው፣ ረዳት የለም፣ "ወራጅ አለ" የሚል የለም።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነጥብ። ጊዜ።

አብዛኞቻችሁ አሁን የያዛችሁት ሰርኪት፣ አፕላይድ ኤሌክትሮኒክስ፣ አፕላይድ ማትስ፣ ፕሮግራሚንግ፣ ከዛ አንድ ሁለት ኮመን ኮርስ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም እኩል ከፋፍሎ ፕሮግራም ያወጣል፣ በቀለም ያሰምራል፣ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ ያምራል በቃ። ግን ኮርሶቹ እኩል አይደሉም። ኮመን ኮርሱን ፈተናው ሲቃረብ ብትሸመድዱት ያልፋል፣ እኔ አልፈርድባችሁም። ሰርኪት ግን አይሸመደድም። ሰርኪት ላይ ችከላ ሞክራችሁ ከሆነ አይታችሁታል፣ አስተማሪው አንዷን ሬዚስተር አዙሮ ያስቀምጣታል፣ ዲፔንደንት ሶርስ፣ ማለት መጠኑ ሰርኪቱ ውስጥ ባለ ሌላ ቮልቴጅ ወይም ከረንት የሚወሰን ሶርስ፣ ይጨምርበታል፣ የሸመደዳችሁት ሁሉ ገደል ይገባል።

ስለዚህ በቀን ጭንቅላታችሁ ንጹህ የሆነበትን ሰዓት ለሰርኪትና ለኤሌክትሮኒክስ ስጡ። ጠዋት ከሆነ ጠዋት፣ ማታ ከሆነ ማታ። ማትሱን ደግሞ ከሰርኪት ለይታችሁ አትዩት። ካፓሲተር በሬዚስተር በኩል ሲሞላ ያለው እኩልታ እኮ ማትስ ክፍል ውስጥ የምትማሩት ፈርስት ኦርደር ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ራሱ ነው፣ ስሙን ቀይሮ መጣ እንጂ። አንድ ታይም ኮንስታንት፣ ሬዚስታንስ በካፓሲታንስ ማለት ነው፣ ሲያልፍ 63.2 ፐርሰንት፣ አምስት ሲያልፍ ሞላ ትላላችሁ፣ ያ 63.2 ከየት እንደመጣ ማትስ ላይ አንዴ በእጃችሁ ካወጣችሁት ሁለት ኮርስ በአንድ ድንጋይ ነው።

የመውጫ ፈተናውንም አትርሱ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም ተመራቂ ሳይፈተን አይወጣም፣ አሁን በጭንቅ ያለፋችሁት መሠረታዊ ነገር እዛ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ላስፈራራችሁ አይደለም... ትንሽ ላስፈራራችሁም ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው። ጥያቄ እንዴት ይሠራል?

እዚህ ጋ ስለ አጎቴ ላውራችሁ። አጎቴ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበር፣ አንዲት ጠባብ ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ ብየዳ፣ ግድግዳው ላይ የተበታተነ ቴፕ ምናምን። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት እሱ ጋ እውል ነበር። ኢንጂነሪንግ አልተማረም፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው የተማረው። አንድ ጠባይ ነበረው። መልቲሜትር ሲሰጠኝና ጫፉን ልነካ ስል እጄን ይዞ "ቆይ፣ ስንት ያሳይሃል?" ይለኛል። "አላውቅም ጋሼ፣ ልለካው አይደል እንዴ?" እለዋለሁ። "እንግዲያው አትንካው" ይላል! ቁጥር ሳልናገር አያስለካኝም።

በጣም ነበር የሚያናድደኝ። ግን ቀስ በቀስ ገባኝ። ባለ 12 ቮልት ትራንስፎርመር፣ ከዛ አራት ዳዮድ፣ ከዛ ካፓሲተር። ካፓሲተሩ ላይ ስንት ታገኛላችሁ? እስቲ በሉ። "12" ያለው ማነው? ተው እንጂ! 12 እኮ አርኤምኤስ ነው፣ የኤሲው ውጤታማ መጠን እንጂ ከፍተኛው ጫፍ አይደለም። ፒኩ 12 በ1.414፣ 17 ይጠጋል። አራቱ ዳዮድ በሚሠሩት ብሪጅ ላይ ከረንት ሁሌም በሁለት ዳዮድ ነው የሚያልፈው፣ 1.4 ቀንሱ፣ 15.6 ገደማ። አጎቴ ስሌቱን አያውቀውም፣ ግን "ከካፓሲተር በኋላ 12 ካሳየህ አንድ ነገር ሞቷል" ይል ነበር። ትራንዚስተርም ሲለካ መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርጎ ከቤዝ ወደ ኤሚተር "ዜሮ ነጥብ ስድስት ምናምን ነው፣ ዜሮ ካለህ ሾርት ነው፣ ምንም ካላሳየህ ተበጥሷል" ይላል። እናንተ ሲልከን 0.7 ቮልት ብላችሁ የምትጽፉት እሱ ነው።

ለምንድነው ይሄን የማወራችሁ? ፈተና ላይ የምትጽፉት ቁጥር ይቻላል ወይስ አይቻልም ብላችሁ ካልጠየቃችሁት እርሳሱ ብቻውን ነው የሚፈተነው። ሰሌዳው ላይ ልሳልላችሁ። ቮልቴጅ ዲቫይደር ባያስ፣ የትራንዚስተሩን ቤዝ ቮልቴጅ በሁለት ሬዚስተር የምናዘጋጅበት። ሰፕላይ 10 ቮልት፣ የላይኛው ሬዚስተር 8 ኪሎ ኦም፣ የታችኛው 2 ኪሎ፣ ኤሚተር ላይ 1.3 ኪሎ፣ ኮሌክተር ላይ 4 ኪሎ፣ ቤታ፣ ኮሌክተር ከረንት ለቤዝ ከረንት ማለት ነው፣ 100። ቤዝ ከረንቷ ትንሽ ናት ብለን እንለፋት፣ ግን ዝም ብላችሁ አትለፏት፣ ቤታ ሲባዛ ኤሚተር ሬዚስተር 130 ኪሎ ነው፣ ከታችኛው 2 ኪሎ በጣም ይበልጣል፣ ስለዚህ ይፈቀድልናል። ይቺን አንድ መስመር ጻፏት፣ ማርክ አላት!

ቤዝ 2 ቮልት። ኤሚተር 2 ሲቀነስ 0.7፣ 1.3። ከረንቱ 1.3 ለ1.3 ኪሎ፣ 1 ሚሊ አምፔር። ኮሌክተር 10 ሲቀነስ 4፣ 6 ቮልት። ከኮሌክተር ኤሚተር 6 ሲቀነስ 1.3፣ 4.7። አለቀ፣ አክቲቭ ነው፣ ትራንዚስተሩ ማጉያ ሆኖ ይሠራል።

አሁን አስተማሪው ያቺን 4 ኪሎ አጥፍቶ 10 ኪሎ ጻፈባት እንበል። ተማሪው ምን ያደርጋል? በዛው መንገድ ይነዳል። 10 ሲቀነስ 10፣ ኮሌክተር ዜሮ። ከኮሌክተር ኤሚተር ዜሮ ሲቀነስ 1.3፣ ኔጌቲቭ 1.3 ቮልት። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበት ወደ ቀጣዩ ጥያቄ! ወገኖቼ፣ ኔጌቲቭ 1.3 ከየት ይመጣል? አንድ የ10 ቮልት ሰፕላይ ብቻ ያለበት ሰርኪት ነው እኮ። ቁጥሩ እየጮኸ ነው፣ "አክቲቭ ብለህ የጀመርከው ልክ አይደለም፣ ሳቹሬሽን ነኝ፣ ሙሉ በሙሉ ተከፍቻለሁ" እያለ ነው፣ ሰውየው አልሰማውም። ከኮሌክተር ኤሚተር 0.2 ገደማ ብሎ ሳቹሬሽን ወስዶ እንደገና መሥራት ነበረበት። ኦፕ አምፕ በሚባለው ማጉያም ላይ ያው ነው፣ ጌይኑ፣ የሚያባዛበት ቁጥር፣ ኔጌቲቭ 10፣ መግቢያው 2 ቮልት፣ "መውጫው ኔጌቲቭ 20" ብሎ ይጽፋል፣ ሰፕላዩ ፕላስ ማይነስ 15 ሆኖ። ከየት አምጥቶ ነው 20 የሚሰጥህ?

ሰርኪት ላይም አንድ ላሳያችሁ፣ በየዓመቱ ሰው የሚወድቅባት ናት። ሱፐርፖዚሽን፣ የየሶርሱን ውጤት ለየብቻ አውጥቶ መደመር። አንዱ ሶርስ 4 ኦም ላይ 2 አምፔር ይሰጣል፣ ሌላው በዛው አቅጣጫ 3 አምፔር። ፓወሩ ስንት ነው? ለየብቻ ሠርቶ 16 ዋት፣ 36 ዋት፣ ድምር 52 የሚል አለ። ትክክለኛው ከረንቱን መጀመሪያ ደምሮ 5 አምፔር፣ 25 በ4፣ 100 ዋት ነው። ከ52 እስከ 100! ከረንትና ቮልቴጅ ይደመራል፣ ፓወር ስኩዌር ስላለው አይደመርም። ቴቬኒን ላይ ደግሞ፣ ሰርኪቱን በአንድ ሶርስና በአንድ ሬዚስተር ስትተኩ፣ ዲፔንደንት ሶርስን አታጥፉ፣ ኢንዲፔንደንቱን ብቻ ነው የምታጠፉት፣ ዲፔንደንት ካለ ከውጭ ቴስት ሶርስ አግቡና ቮልቴጁን ለከረንቱ አካፍሉ። ይሄን ስንት ጊዜ ሰማችሁት? ብዙ። ሶሉሽን ሳታዩ ስንት ጊዜ ሠራችሁት? እሱን ለራሳችሁ መልሱ።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ቼክ የማድረጊያ መንገድ አለ፣ ነጻ ነው፣ ማንም አይከለክላችሁም። ሶርሶቹ የሚሰጡት ፓወርና ሌሎቹ የሚወስዱት እኩል መሆን አለበት። 12 ቮልት፣ 2 ኦምና 4 ኦም በሲሪስ፣ ከረንቱ 2 አምፔር፣ ሶርሱ 24 ሰጠ፣ ሬዚስተሮቹ 8 እና 16 ወሰዱ። ሚዛኑ ካልመጣ የሆነ ቦታ የፕላስ ማይነስ ምልክት አበላሽታችኋል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ፕላስና ማይነሱን ኤለመንቱ ላይ ሳትጽፉ ስለጀመራችሁ ነው። መጀመሪያ ፖላሪቲውን ጻፉ። መጀመሪያ! ከመጀመሪያዋ እኩልታ በፊት።

ትንሽ ከመስመር ልውጣና፣ ይሄ ኬሲኤል ኬቪኤል፣ የከረንትና የቮልቴጅ ሕግ፣ እያላችሁ የምትምሉበት ኪርቾፍ ሕጎቹን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1845 ነው፣ ያኔ የ21 ዓመት ተማሪ ነበር፣ ኮኒግስበርግ የሚባል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ። ከናንተ ውስጥ 21 የሆነው ማነው? ... በሉ እንግዲህ፣ ተነሱ! (ሳቅ) ቴቬኒን ደግሞ የፈረንሳይ ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ኢንጂነር ነበር፣ 1883 ላይ ነው ያሳተመው፣ ቲዎረሟ የሥራ ሰው ያወጣት ቲዎረም ናት፣ ውስጡን ላላየው ዕቃ ከውጭ ሁለት ጫፍ ይዤ ምን ልለው የሚል ጥያቄ ነው። እኔ በበኩሌ ተማሪ እያለሁ ይሄን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኮርሱን ይበልጥ እወደው ነበር፣ ስም ብቻ ነው የሚመስላችሁ እንጂ ሰዎች ናቸው።

ከሥራም አንድ ልንገራችሁ። አሁን የምሠራው የላብራቶሪ ማሽኖች ጥገና ላይ ነው። አንድ ቦታ ማሽኑ ይበራል፣ ጥሩ ይሠራል፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን ራሱን ያጠፋል። ሦስት ባለሙያ አይቶት ቦርዱ ይቀየር ተብሏል፣ ቦርዱ ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዶላር ነው። ኦሲሎስኮፑን ካፓሲተሩ ላይ አደረግኩት። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው አይደል? ፉል ዌቭ ከሆነ፣ ሁለቱም ግማሽ ሞገድ ከሠራ፣ ሪፕሉ፣ ዲሲው ላይ የሚቀረው መዋዠቅ፣ ስንት ኸርዝ መሆን አለበት? 100፣ ጎበዝ። ስክሪኑ ላይ ያለው 50 ነው። እዛው ቆሜ "አንዱ ዳዮድ ተበጥሷል" አልኩ፣ ሳልፈታው። ለምን? ሪፕል በግምት ከረንት ሲካፈል ለፍሪኩዌንሲና ለካፓሲታንስ ብዜት ነው፣ 0.5 አምፔር፣ 2200 ማይክሮ ፋራድ ብትወስዱ በ100 ኸርዝ 2.3 ቮልት ገደማ ነው፣ በ50 ግን 4.5 ይሆናል። ከረንቱ ሲጨምር ቮልቴጁ ይወርድና ማሽኑ ይጠፋል። ዳዮዷ ከአንድ ማኪያቶ አትበልጥም። ይሄ የየትኛው ሴሚስተር ትምህርት ነው? የናንተ! አሁን የያዛችሁት!

እሺ፣ ካልኩሌተር። ይሄን ሳልናገር ብወርድ ኃጢአት ነው። ዶርም አብሮኝ የነበረ ልጅ፣ ጎበዝ ነበር፣ ከኔ በጣም የሚበልጥ ልጅ፣ ኤሲ ሰርኪት ላይ ተበላሸበት። ጥያቄው 10 ሳይን ቅንፍ ውስጥ 314 ቲ ሲደመር 30 ዲግሪ ነው፣ 5 ሚሊ ሰከንድ ላይ ስንት ነው ይላል። 314 በ0.005፣ 1.57። 30 ደመረበት፣ 31.57፣ ሳይን፣ በ10 አባዛ፣ 5.2 ብሎ ጻፈ። 1.57ቱ ግን ራዲያን ነው፣ 30ው ዲግሪ ነው! 1.57 ራዲያን ማለት 90 ዲግሪ ነው፣ 90 ሲደመር 30፣ 120፣ መልሱ 8.66 ነበር። ያ ልጅ ፌዘር የሚባለውን የኤሲ ስሌት ከሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፣ ለኛ ያስረዳን እሱ ነው። ካልኩሌተራችሁን አሁን ካሁኑ ተላመዱት፣ ካሲዮ 991 ያላችሁ ሦስት አንኖውን እኩልታ ራሱ ይፈታላችኋል፣ ኮምፕሌክስ ቁጥርም ይሠራል፣ ብዙዎቻችሁ ለመደመርና ለማባዛት ብቻ ይዛችሁት ትዞራላችሁ። አስተማሪያችሁ የሚፈቅድ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፈተና ቀን ከዶርም ልጅ የተዋሳችሁትን ካልኩሌተር ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ በምን ሞድ እንዳለ እግዜር ይወቀው።

አብሮ ማጥናትም ጥሩ ነው፣ ግን ሦስት ሰው ሆናችሁ አንዱ እየሠራ ሁለቱ "እህ፣ እህ" የሚሉ ከሆነ አንድ ሰው ነው ያጠናው። ለየብቻ ሥሩ፣ ከዛ መልስ አወዳድሩ፣ ሲለያይ ተከራከሩ። ክርክሩ ላይ ነው ነገርዬው የሚገባው። ስትጣበቁ ሶሉሽን ማየትም ሐራም አይደለም፣ የተጣበቃችሁባትን አንድ መስመር እዩና ዝጉት፣ በነጋታው ያንኑ ጥያቄ ከባዶ ወረቀት ጀምራችሁ ሥሩት። ካልወጣላችሁ አልተሠራም ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ፈተና ክፍል። ይሄ አጭር ነው።

ወረቀቱ ሲሰጣችሁ ሁሉንም ገጽ አገላብጡ፣ ከኋላ ጥያቄ እንዳለ ሳያይ ወረቀት የሚያስረክብ ሰው ሁሌም አለ። ብዙ ማርክ ያለውንና የምትችሉትን አስቀድሙ። ስድስት መስመር አልጀብራ ውስጥ ገብታችሁ ከጠፋችሁ፣ እኩልታዎቹን በትክክል ጽፋችሁ "ከዚህ ቀጥሎ ሦስቱን እፈታለሁ" ብላችሁ ተዋቸውና እለፉ፣ ጊዜ ከተረፈ ተመለሱ። እኩልታው ልክ ከሆነ አብዛኛው አስተማሪ ማርክ ይሰጣል፣ ባዶ ቦታ ላይ ግን የፈለገ ደግ ቢሆን ምን አይቶ ይስጣችሁ? ዩኒት ጻፉ። ሚሊ አምፔርና ኪሎ ኦም ሲባዙ ቮልት እንደሚሰጡ እወቁ፣ ዜሮ ስትቆጥሩ አትዋሉ።

አጤሬራ... ይቺን አልፋት ነበር ግን ሲስቁ ያየኋቸው ልጆች አሉ። ኩረጃው ከመጥፎነቱ ሌላ ለሰርኪት አይጠቅምም እኮ! ፎርሙላ ይዘህ ብትገባ የትኛው ኖድ ላይ እንደምትጽፈው ካላወቅክ ምን ያደርግልሃል? እሱን በጥቃቅን ፊደል ስትጽፍ ባመሸህበት ሰዓት ሁለት ጥያቄ ትሠራ ነበር።

እንቅልፍም አለ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ፈተና ካላችሁ ማታ አዲስ ቻፕተር አትጀምሩ። መብራት ከጠፋ ደግሞ እሰየው በሉና ተኙ።

እኔ ከዚህ በላይ የማወራው የለኝም። ከጥያቄና መልሱ በፊት ግን ወረቀት አውጡልኝ። ሁላችሁም፣ በሩ ጋ የቆማችሁትም። ቅድም የሳልኩትን ሰርኪት እዩት፣ ባለ 4 ኪሎዋን፣ ኮሌክተሩ 6 ቮልት የነበረውን። የታችኛዋ 2 ኪሎ ሬዚስተር ተበጠሰች፣ ኦፕን ሆነች። የኮሌክተሩ ቮልቴጅ ይወጣል ወይስ ይወርዳል? መጀመሪያ እሱን በአንድ ቃል ጻፉና ከበቡት፣ ከዛ ስንት እንደሚሆን ሥሩ። ካልኩሌተሩን ለሁለተኛው ብቻ። ስልክ ወደ ኪስ። አንተ፣ አዎ አንተ ቀይ ሹራብ የለበስከው፣ የጎረቤትህን አትይ። አሥር ደቂቃ አላችሁ፣ እኔ እየዞርኩ አያለሁ።